ቤት የተሸከመችው መኪና

ሶዶ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለመምህርት ሩት ባዳቾ
ደብረ ማርቆስ

ሳሮ እህቴ፤ በአማርኛውም ሰላም ነው ወይ? አሥረኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ ሰላምታዬም በሁለት ቋንቋ ነው። ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን አንቺ ውሸት ታርሚያለሽ። ናፍቆትሽ ሦስተኛ ነው። አንደኛው ረሃብ፣ ሁለተኛው የጎረቤት ሬዲዮ።

ሹራቡ ደርሷል። ለአባባ ከገበያ ገዛሁት አልኩት፣ እንዳልሽው። ተቀብሎ አገላበጠው፣ አንገቱን አሸተተው፣ ከዚያ ለበሰው። ይኸው አሥር ቀኑ፣ አላወለቀውም። ልጠበው ብለው «አልቆሸሸም» ይለኛል። ቆሽሿል።

ስለ ሆዱ ለጠየቅሽኝ፣ ኦቶና ሆስፒታል ወስጄ አሳይቼዋለሁ። ቀጠሮ ሰጥተውናል። ሌላውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ያቺ ቤት የተሸከመችው የፈረንጆቹ መኪና ትዝ ትልሻለች? አልጋ፣ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ አበባ ያለበት መጋረጃ። ልጆች ሆነን አፍንጫችንን መስኮቷ ላይ ለጥፈን ስናይ አባባ የአንቺን ንፍጥ በመሀረቡ ይወለውል ነበር። የእኔ ንፍጥ አልነበረም። ፈረንጆቹ አምና ጠቅልለው ሄዱ፣ እሷ ኦቶና ግቢ ውስጥ አቮካዶ ሥር ቀረች። የካቲት ሲያልቅ አዲስ አበባ ይወስዷታል አሉ። የግቢው ኃላፊ አቶ ይስሐቅ አባባን አስጠርተው «አሥራ ስድስት ዓመት ነድተሃታል፣ ከመሄዷ በፊት ሦስት ቀን ወስደህ ተሰናበታት» አሉት። አባባ ምን እንዳለ ገምቺ። «ቆሞ የኖረ ሞተር ነው፣ አይሆንም» ብሎ ወጣ።

እንደምታውቂው ፈረንጆቹን ወደ ወንዝ ሲወስድ እነሱ ውስጥ፣ እሱ ከሥሯ ሰሌን አንጥፎ ነበር የሚያድረው። አልከለከሉትም እኮ። ግባ ሲሉት ሞተሩን ልይ ይላል። ይህ ሰውዬ ለራሱም በር አይከፍትም።

ባለፈው እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመና «ብላቴ ወንዝ ዳር አንድ ጊዜ ውስጧ ብተኛ ምን ይለኛል?» አለኝ። ሳቅሁበት። እሱ አልሳቀም። ሩቲ፣ አባባ ምን ይለኛል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው?

ስለዚህ እንሄዳለን። ከበዴሳ ከተማ ወዲያ መንግሥት አጥሮ ፓርክ ያለው የወንዝ ዳር አለ። መግቢያው ላይ ሰሌዳ ተተክሎ አንበሳ ተስሎበታል፤ አንበሳውም ያለው እዚያው ሰሌዳው ላይ ነው። ውስጥ ያሉት ከርከሮ፣ ጉሬዛና ጦና የሚባል ጥበቃ ናቸው። አንቺም ነይ። ስድስት ዓመት ይበቃል።

ሥራ ፈቱ ወንድምሽ
ቤኒ


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 1 ቀን 1994 ዓ.ም.

ቤኒ፣

ደብዳቤህን የፈተና ወረቀት መሀል ሆኜ ነው ያነበብኩት። ሰማንያ ሦስት ተማሪ አለኝ፣ ሁሉም አንድ ስህተት ነው የሚሳሳቱት። ደክሞኛል፤ አጭር ብጽፍልህ አትቀየመኝ።

«ሌላውን ሌላ ጊዜ» ያልከውን አልወደድኩትም። ቀጠሮው የምን ቀጠሮ ነው?

ነይ ትላለህ። ጠራኝ? ስሜን አንሥቶ «ሩት ትምጣ» ብሏል? አዎ ወይስ አይደለም፣ ይህን ብቻ ጻፍልኝ። አንተ በዚያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመትህ ነበር፣ አጥር ላይ ተሰቅለህ ስታይ ነበር። የሐብተማርያም ሽማግሌዎች ሦስት ጠዋት ደጃችን ላይ ቆሙ። ከጎጃም ድረስ የመጡ ሦስት ሽማግሌ። እምቢ ማለት ያለ ነው፤ ሃይማኖቱ ሌላ ነው ብሎ አስገብቶ አስቀምጦ እምቢ ይበላቸው። በር ግን አይዘጋም። በሦስተኛው ቀን ድንጋዩ ላይ የተቀመጡበትን አቧራ አራግፈው ሲሄዱ እኔም ተከተልኳቸው።

ሐብቴ እስከ ዛሬ ስለዚያ በር አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር። ሹራቡን የመረጠው እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። በአባባ ስም አትቀልድብኝ። ካቻምና አግብቼ መንታ ወለድኩ ብለህ ጽፈህልኝ ሁለት የሕፃን ኮፍያ ገዝቻለሁ። እስካሁን ሣጥኔ ውስጥ አለ።

እህትህ
ሩት


ሶዶ፣ ጥር 13 ቀን 1994 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሩት፣

መንታዎቹ ደህና ናቸው፣ አክስታቸውን ሰላም ይላሉ። በቃ፣ ይህ የመጨረሻዬ ነው። ከዚህ በታች ቀልድ የለም።

አይደለም። ስምሽን አልጠራም። መዋሸት እችል ነበር፣ ግን አንቺ ታውቂብኛለሽ።

ነገር ግን ትናንት ለጉዞው የምንይዘውን ሲያዘኝ «አራት ኩባያ ያዝ» አለኝ። ሁለት ነን፣ ምን ያደርግልናል ስለው «ይሰበራል» አለ። ሩቲ፣ የቆርቆሮ ኩባያ ነው። አንቺ ቤት ሳለሽ እንጠጣበት የነበረው። ከዚያ በላይ መናገር አይችልም፣ ተይው።

የምንሄደው የካቲት 1 ቀን ዓርብ ነው። እሑድ ድረስ እዚያው ነን። ቤት ካጣሽን በቀጥታ ወደ ብላቴ ነይ፣ ከበዴሳ መኪና አለ። ከጋሽ ሐብቴ ጋር ነይ። ነጠላ ያዢ፣ ወንዝ ዳር ነፋስ አለ። ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ሁሉም ሰላም ነው። አባባም ደህና ነው፣ እውነቴን ነው ደህና ነው። ብቻ አትዘግዪ። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ውሰጂና ነይ። እግዚአብሔር ያበርታሽ።

ወንድምሽ
ቤንያም ባዳቾ


ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 8 ቀን 1994 ዓ.ም.

ቤኒ፣

ከገባን ሁለት ቀናችን ነው። እግሬ እስካሁን አብጧል። በመጀመሪያ ይቅርታ፣ ያን ሁሉ ጩኸት ይዤ በመምጣቴ። ከዚያ ደግሞ አንተም ይቅርታ ጠይቀኝ።

ያን ደብዳቤ የጻፍከው ጤነኛ ሆነህ ነው? «ሰላም ነው፣ ደህና ነው፣ እውነቴን ነው ደህና ነው፣ አትዘግዪ፣ ነጠላ ያዢ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ።» ከሥሩ ደግሞ ሙሉ ስምህ። በሕይወትህ ለእኔ ቤንያም ብለህ ፈርመህ ታውቃለህ? መምህራን ማረፊያ ውስጥ እትዬ ፋንታዬ ከእጄ ወስዳ አነበበችው። አማርኛ የምታስተምረው ናት፣ የእኔ ታላቅ። መነጽሯን አወለቀች፣ አጣጥፋ መለሰችልኝና «ደስ ይላል፣ እኔም ብላቴን አላየሁም፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችኝ። በዚያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ሞቷል። ሰው ሲሞት ነው እንዲህ የሚጻፈው፤ ሰው ሲሞት ነው የማያውቁት ሰው ድንገት ብላቴን ማየት የሚያምረው።

ሐብቴና ፋንታዬ እኔ እንዳላውቅ ሲደብቁኝ፣ እኔ ማወቄን ስደብቃቸው ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀመጥን። የተኛሁ መስዬ ግንባሬን መስኮት ላይ አስደግፌ ነበር። ሐብቴ በየማቆሚያው ብስኩት ይገዛልኛል። ሰባት ፓኮ ብስኩት ይዤ ሶዶ ገባሁ። ቤቱ ተቆልፏል። ሁሉም ቀብር ሄዷል አልኩ። ፋንታዬ ደግሞ ቀስ ብላ ለሐብቴ «ደብዳቤው ወንዝ ይላል፣ ምናልባት ወንዝ ወስዶት ይሆናል» ስትለው ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቃለህ።

አንበሳው ሰሌዳ ሥር ስወድቅ ዓይኔ ጨልሞ ነበር፣ ምንም አላየሁም። ቀና ስል አባባ ኮቱን ለብሶ ከሐብቴ ጋር ቆሟል። ሙት ነው ብዬ ጮህኩ እንጂ ደስ አላለኝም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሁለቱ ምን ተባባሉ? ሐብቴን ስጠይቀው ፈገግ ይልና «ወንድምሽን ጠይቂ» ይለኛል። ይህ ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም ያለው አልበቃ ብሎ አሁን እየሳቀ ዝም ይላል። አንተ ከኋላቸው ነበርክ፣ ንገረኝ። ከመኪናዋ ወለል ሥር ሲያስነጥስ ያደረው ማን እንደነበረም ንገረኝ።

አባባ «ልጄ» አለኝ። ስሜን ግን እስክንለይ አልጠራም፤ ቆጥሬያለሁ። ቀበቶው ላይም በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየሁ፣ ከአሮጌው አራት ጣት የራቀ። ምን ደበቃችሁኝ?

ከእንግዲህ ሕግ አውጥቻለሁ። ስልክ እንዳትደውል። ዳይሬክተሩ መምህር ወደ ስልክ ሲጠራ ግቢው ሁሉ ነጠላውን ማዘቅዘቅ ይጀምራል። ጻፍልኝ። ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ተረብ ካገኘሁ አባባ አለ ማለት ነው። ካጣሁ ገባኝ፣ ሌላ ቃል አትጨምር፣ ነጠላ ያዢም አትበለኝ።

ሩት


ኦቶና፣ የካቲት 18 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለሩት፣ በሕይወት ላሉ ሰዎች አልቃሿ፣

ይኸው ተረብሽ። ከላይ አስቀመጥኩት፣ ሳትፈልጊው እንድታገኚው። ሕግሽን ተቀብያለሁ። ይቅርታም ጠይቄያለሁ፤ ከቁም ነገር ጋር እንደማልስማማ አሥረኛ ክፍል ላይም ታይቷል።

የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። እናንተ ስትደርሱ አባባ ውስጥ ነበር። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲነካካ፣ ዘይት ሲያይ፣ መስታወት ሲወለውል ውሎ፣ በስንት ልመና ጫማውን አውልቆ ገባ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ እንግዳ ቤት እንደሄደ ሰው፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። መጋረጃውን በጣቱ ነካ። «ለስላሳ ነው» አለኝ። ገና ጋደም ሊል ሲል ነው ጩኸትሽ የመጣው።

ወዲያው ጫማውን ፈለገ። ሰው ሞቷል፣ ተነሥ አለኝ። የማናውቀው ሰው ነው፣ ተኛ አልኩት። «ለቅሶ የሰማ ሰው አይተኛም» ብሎ ኮቱን ለበሰ፣ ቁልፉን ሁሉ ቆለፈ፣ ዱላውን ይዞ ወጣ። እኔ ከኋላው። እየሄደ ማልቀስ ጀመረ፣ እውነተኛ ዕንባ። እናታችን ትዝ ብላው ይሁን ሆዱን አሞት እንጃ። የራሱ ለቅሶ መሆኑን በምን ይወቅ?

እኔ ድምፅሽን መንገድ ላይ ለየሁት። ሮጬ መጥቼ መናገር ነበረብኝ። ግን ከፊት ከፊት ጋሽ ሐብቴ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲመጣ አየሁ፣ አባባም ወደ እሱ ሲሄድ አየሁ። ተያይተው አያውቁም እኮ። እግሬ ቆመ። በዕድሜዬ አንድ ቀን አፌን ዘጋሁ፣ ያም ያ ቀን ነው።

አባባ ትከሻውን ያዘው።

«ማን ሞቶብህ ነው፣ ልጄ?»

«የሚስቴ አባት።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ። ደግ ሰው ነበር?»

ጋሽ ሐብቴ ውሸት አይችልም መሰለኝ። «አላውቀውም፣ አባቴ» አለው። «ሽማግሌ ልኬ በር አልከፈተልኝም። እሷ ግን ደግ ነው ትላለች።»

አባባ እጁን ከትከሻው አላነሣም። ነጠላውን አየ። ከዚያ ሰሌዳው ሥር የወደቅሽውን አንቺን አየ፣ እትዬ ፋንታዬ በደብተር ታራግብሻለች። እኔን ዞሮ አየኝ፤ በዚያ ዓይን የዛተብኝን ገና አልተገረፍኩም፣ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። ከዚያ ወደ ሰውዬው ተመለሰ።

«አልሞተም» አለው። «ደግም አልነበረም።»

እጁን ይዞ ወሰደው። የመኪናዋን በር ራሱ ከፈተና «ግባ» አለው። ጋሽ ሐብቴ ማን እንደሆነ የገባው እዚያ ላይ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ከኮቱ በላይ ብቅ ያለውን ሹራብ አይቶ አንገቱን ደፋ። «እርስዎ ይቅደሙ» ሲለው አባባ እምቢ አለ። አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም እየተባባሉ ቆመው ሳሉ ነው አንቺ ቀና ብለሽ ሙት ነው ብለሽ የጮህሽው። ይኼው ነው የተባባሉት፣ ሌላ የለም።

አልጋውን ለእናንተ ሰጠ። እትዬ ፋንታዬ በጥበቃው በጦና ጎጆ አደረች፣ እኔ የሾፌር ወንበር ላይ። ከወለሉ ሥር ያስነጥስ የነበረው አባታችን ነው፣ ሌላ ከርከሮ አይደለም። ሰሌኑን ይዞ መጥቶ ነበር፣ ከቤት ጀምሮ፣ እኔ ሳላየው። «አባባ፣ አልጋው ውስጥ ለመተኛት አይደለም ወይ የመጣነው?» ስለው «ተቀምጬበታለሁ፣ ይበቃል» አለ። ጠዋት በአራቱ ኩባያ ሻይ ስንጠጣ እኔ በፔርሙስ ክዳን የጠጣሁት እትዬ ፋንታዬን ስላልቆጠርናት ነው። ከኩባያው አንድም አልተሰበረም።

አሁን የቀበቶውን። አትንገራት ብሎኝ ነበር። «ለቅሶዋን ጨርሳለች፣ ድጋሚ አታስለቅሳት» አለኝ። እኔ ግን ካሁን ወዲያ ብደብቅ ከእናንተ አውቶቡስ ላይ አራተኛ ተሳፋሪ መሆኔ ነው። ሆዱ ውስጥ እብጠት አለ። ኦፕራሲዮን የካቲት 25 ቀን ሰኞ ነው። ከትናንት ጀምሮ እዚህ ተኝቷል። ሐኪሙ ይሆናል አላለም፣ አይሆንም አላለም፣ ዕድሜውን ጠየቀኝ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ አልቆ ይሆናል፣ ወይ በዚህ ወይ በዚያ። ፈቃድሽን እንደጨረስሽ አውቃለሁ። ተነሥተሽ አትምጪ፣ እኔ አለሁ። ቀጣዩን ደብዳቤ ጠብቂ።

ሥራ አጥቶ አስታማሚ የሆነው
ቤኒ


ኦቶና፣ መጋቢት 3 ቀን 1994 ዓ.ም.

ሩቲ፣

ስላልጻፍኩልሽ ይቅርታ። ሰኞ ጠዋት አስገቡት፣ ከሰዓት በኋላ አወጡት። ከዚያ ወዲህ ቀኑ አንድ ሆኖብኛል። ጠዋት ውሃ እቀዳለሁ፣ አንሶላ አጥባለሁ፣ አጥር ላይ አሰጣለሁ፣ ጓሮ ሄጄ እንደ ሌሎቹ አስታማሚዎች ሦስት ድንጋይ ላይ አጥሚት አሞቃለሁ፣ አልጠጣም ሲል ራሴ እጠጣዋለሁ። ሁለት ቀን ዓይኑን አልገለጠም። በሦስተኛው ገልጦ ጣሪያውን ሲያይ ዋለ። በአምስተኛው ትኩሳት ያዘው። ትናንት ለቀቀው።

ከጎኑ ያሉት ሽማግሌ ከቦምቤ የመጡ ናቸው። ልጃቸው በየቀኑ ደብዳቤ ያነብላቸዋል፣ ያው አንዱን ደብዳቤ። እኔም የአንቺን አነበብኩለት፣ የሕጉን ቦታ ግን ዘለልኩት።

መኪናዋ ባለፈው ቅዳሜ ሄደች። ከመስኮት አሳየሁት። ቀና ብሎ አያት፣ ማርሹን ሲያስገቡ ሞተሩ ሲጮህ ፊቱን አኮማተረ፣ ከዚያ ተመልሶ ተኛ።

ደክሞኛል። ድካም ማለት እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቁጭ ብዬ ስጽፍልሽ እጄ ይተኛል። ሐኪሙ ዛሬ ቁስሉን ፈትቶ አይቶ ጥሩ ነው ብሏል። ስለ እብጠቱ ውጤቱ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ እስኪመጣ ምንም አንበል አለ። ስለዚህ ምንም አልልሽም።

እዚህ ላይ ደርሼ ልዘጋው ስል አባባ «ምንድን ነው የምትጽፈው? አንብብልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። የዘለልኩትንም ሕግ ነገርኩት፤ ምን ላድርግ፣ ለምን ፊትህ ጠቆረ አለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። ከዚያ «ይህንን ከላክህላት እኔን ቀበርከኝ እኮ» አለ። «ተረቡ የታለ?»

አልመጣልኝም አልኩት። እውነቴን ነው ሩቲ፣ ከጠዋት ጀምሮ ፈልጌ አጥቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ሳይፈልገው ነበር የሚመጣልኝ።

«እንግዲያው እኔ ልበል፣ ጻፍ» አለኝ። ቀስ ብሎ፣ ሆዱን በእጁ ደግፎ፣ በየቃሉ መካከል እየተነፈሰ ነው የተናገረው። እኔ አንድ ፊደል አልጨመርኩም። ይኸውልሽ፦

«ሩት። ለቅሶሽን ሰምቼዋለሁ። ድምፅሽ አያምርም። ስሞት ሐብተማርያም ያልቅስልኝ፣ እሱ ይሻላል። ባዳቾ።»

ተናግሮ ሲጨርስ ራሱ ሊስቅ ብሎ ስፌቱ ያዘው። ነርሷ መጥታ ተቆጣችኝ፣ እኔን።

ጥር ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀሽኝ ነበር፣ አዎ ወይስ አይደለም ብለሽ። ያን ጊዜ አይደለም ብያለሁ። አሁን የአባባን የመጀመሪያ ቃል ተመልሰሽ እያት።

አዎ።

ቤኒ